«ብቻዬን ነበርኩ» ላለችው ተማሪ

ጠያቂያችን አሜሪካ ውስጥ የምትኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ በመሆኑ ዋና ዋናውን ብቻ እናቀርባለን።

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። ለወላጆቼ ዲቪ ደርሷቸው ወደ አሜሪካ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ስለ ዋልተር ማክሚሊያን የተሠራውን ፊልም ክፍል ውስጥ አሳየችን። አላባማ ውስጥ ባልሠራው ወንጀል ሞት ተፈርዶበት የነበረ ጥቁር ሰው ነው። ነጻ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም አለቀስኩ። መብራቱ ሲበራ ግን ልቅሶዬ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ። አንድ ልጅ ‘ደግነቱ ያ ዘመን አልፏል’ አለ። መምህሯ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ ‘አንቺስ እንደ ጥቁር ተማሪ ምን ተሰማሽ?’ ስትለኝ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። በክፍሉ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቃል ሳልናገር ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ‘ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ ሌላ ነን፤ አንቺ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ’ አለኝ። ያን ዕለት ማታ የጁሪ (ፍርድ ቤት ተቀምጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ተራ ዜጎች) መጥሪያ ደርሶት፣ ምን ብሎ መቅረት እንደሚችል ጓደኛውን በስልክ ይጠይቅ ነበር። ስለ ፊልሙ የሁለት ገጽ ጽሑፍ ማስረከብ አለብኝ። ቁጣው የራሴ ነው ወይስ የተዋስኩት? ምንስ ልጻፍ? መምህሬንስ ምን ልበላት? ብቻዬን ነበርኩ።»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ መልስ እንደሚጠበቅበት ሰው አነበብኩት፤ ሁለተኛ ግን በአንቺ ዕድሜ ያለች ልጅ እንዳለችው አባት ሆኜ ሳነበው፣ ከጥያቄዎችሽ ይልቅ የመጨረሻዋ አጭር ዐረፍተ ነገር አላስተኛ አለችኝ። «ብቻዬን ነበርኩ» ብለሽ ነው የዘጋሽው። ወደ እርስዋ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ንዴትሽ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ንዴትሽ ከጭብጨባው በኋላ የመጣው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ጭብጨባ ነገርን ይዘጋል። ፊልሙ ማክሚሊያን ከእስር በወጣበት ቀን፣ ማለትም በማርች 2 ቀን 1993 ላይ ሲደርስ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተመልካቹ እፎይ ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ሒሳቡ የተወራረደ ይመስለዋል። አንቺ ግን ያልተወራረደውን አየሽ። ሰውየው የተመለሰለት ነጻነቱ ነው፤ በእስር ያለፉት ስድስት ዓመታት አልተመለሱለትም። ፊልሙ ካበቃበት በኋላ ያለውን ሕይወቱን ብትከታተዪ ደግሞ ንዴትሽ መሠረት እንዳለው ታያለሽ። ማክሚሊያን ከወጣ በኋላ ያሳሰሩትን ሹማምንት ለመጠየቅ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1997 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የአላባማ ሸሪፍ (የአካባቢው ፖሊስ አለቃ) በሕግ ማስከበር ሥራው የካውንቲው (የወረዳው) ሳይሆን የግዛቱ ሹም ስለሆነ ካውንቲው በእርሱ ድርጊት አይጠየቅም ብሎ ወሰነ። እርሱም በመጨረሻ ዘመኑ የመርሳት በሽታ ይዞት በ2013 አረፈ። ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን ሲናገር እንደሚሰማው፣ አእምሮው ሲደክም ራሱን እንደገና በሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለው ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ማጨብጨቡን ላይተው ይችላል፤ እጆቹ ግን ቶሎ ይዝላሉ።

አሁን ወደ ኋላ መለስ ብለን፣ በደሉ እንዴት እንደተሠራ እንይ፤ ለጽሑፍሽም የሚጠቅምሽ ይህ ነው። በኖቬምበር 1986 ሞንሮቪል በምትባል ትንሽ የአላባማ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ነጭ ወጣት በሥራ ቦታዋ ተገደለች። ወራት አለፉ፤ ገዳይዋ አልተገኘም፤ ሕዝቡም በሹማምንቱ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። በ1987 ማክሚሊያን ተያዘ። እንጨት እየቆረጠ በመሸጥ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ በከተማው የሚታወቅበት ነገር ቢኖር ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር የነበረው ግንኙነት ነው። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት እርሱ ቤቱ ነበር፤ ቤተሰቡና ምእመናን ደጃፉ ላይ ዓሣ እየጠበሱ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ጥቁሮች ስለነበሩ ቃላቸው ከአንድ ወንጀለኛ የሐሰት ምስክርነት በታች ቀለለ። ያ ምስክር ንጹሕ ሰው እንዲወነጅል ግፊት እንደተደረገበት ለመርማሪዎቹ ሲያማርር የተቀዳበት ካሴት ነበር፤ ለተከላካይ ጠበቆች ሳይሰጥ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ተገኘ።

ማክሚሊያን ለፍርድ ከመቅረቡ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ በሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ ታሰረ። ይህን ዐረፍተ ነገር እንደገና አንብቢው። ገና ያልተፈረደበት ሰው ሞት ከተፈረደባቸው ጋር ተቆለፈበት። ችሎቱ ጥቁሮች በብዛት ከሚኖሩበት ካውንቲ ጥቂት ወደሚኖሩበት ካውንቲ ተዛወረ፤ በ1988 የተሰማው ክርክርም የወሰደው አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው። አሥራ አንድ ነጮችና አንድ ጥቁር የተቀመጡበት ጁሪ ጥፋተኛ ነው አለ፤ ቅጣቱ ግን ዕድሜ ልክ እንዲሆን አሳሰበ። ዳኛው ይህን ሽሮ ሞት ፈረደበት፤ የአላባማ ሕግ ያን ጊዜ ይህን ይፈቅድለት ነበርና።

እኔ ፊልሙን ሳየው የከበደኝ ቦታ ይህ ነው፤ የአንቺም ንዴት ምንጩ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በሌሊት ተሸፍኖ የመጣ ገዳይ የለም፤ በዛፍ የተሰቀለ ገመድ የለም። ጸሓፊው መዝገብ ከፈተ፣ ዐቃቤ ሕጉ ከረባት አስሮ ተከራከረ፣ ምስክሩ እጁን አንሥቶ ማለ፣ ዳኛው ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። ሁሉም በሥራ ሰዓት ተፈጸመ። ክፉ ሰው ሲያጠፋ ብናይ የምንጠላውን እናውቃለን፤ እያንዳንዱ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ሠርቶ ሲሄድ አንድ ንጹሕ ሰው ወደ ሞት ሲገፋ ስናይ ግን ንዴታችን የሚያርፍበት አጥቶ ራሳችን ላይ ይወድቃል። ለራስሽ ማስረዳት ያቃተሽ ለዚህ ይመስለኛል። ማስተዋል ስለጎደለሽ አይደለም።

«ደግነቱ ያ ዘመን አልፏል» ያለውን ልጅ አትቀየሚው። ክፉ ሊናገር አልፈለገም፤ የፊልሙን መጨረሻ የታሪኩ መጨረሻ አድርጎ ወስዶ ነው። ነገር ግን ተሳስቷል፤ ስሕተቱንም ያለ ቁጣ፣ በዓመተ ምሕረት ብቻ ማሳየት ትችያለሽ። ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለው አንቀጽ ከአላባማ ሕገ መንግሥት የተሰረዘው በ2000 በተደረገ የሕዝብ ድምፅ ነው፤ ያኔም ከመራጮቹ 40 በመቶ ያህሉ ይቆይ ብለው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ከማክሚሊያን አጠገብ ባለው ክፍል ያየሽው አንቶኒ ሬይ ሂንተን በእስር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የወጣው በ2015 ነው፤ ለተፈረደበት ግድያ ማስረጃ የተባሉት ጥይቶች ከእናቱ ቤት ከተወሰደው ሽጉጥ መተኮሳቸውን ማረጋገጥ ስላልተቻለ። ዳኛ የጁሪን ሐሳብ ሽሮ ሞት እንዲፈርድ የሚፈቅደው የአላባማ ሕግ የተሻረው በ2017 ነው፤ ቀድሞ የተፈረደባቸውን ግን አልነካም። ያ ልጅ በ2017 ተማሪ ቤት ገብቶ ይሆናል። ዘመኑ አላለፈም፤ እርሱ የተወለደበት ዘመን ነው።

አባትሽ ላሉት ነገር መልስ ለመስጠት የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም አባትሽን አውቃቸዋለሁ። በስም አይደለም፤ በሁኔታ ነው። በማያውቁት አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ሁለት ፈረቃ እየሠሩ ልጅ የሚያሳድጉ ሰው «እኛ ሌላ ነን» የሚሉት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መከራ ግድ ስለሌላቸው ላይሆን ይችላል። ልጃቸውን ከዚያ መከራ የሚከልል አጥር የሚሠሩበት ሌላ ነገር ስላጡ ይሆናል። «ሌላ ነን» ማለት በብዙ ወላጆች አፍ «አንቺን እንዳይነኩብኝ» ማለት ነው። ይህን ፍቅር አክብሪ። አጥሩ ግን አይከልልም፤ ይህንን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን ማወቅ የነበረብን እኛ ነን።

ማክሚሊያን በተፈረደበት በዚያው በ1988፣ በኖቬምበር 13፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ወጣት ሙሉጌታ ሥራው በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ጎዳና ላይ በሦስት ዘረኛ ነጮች ተደብድቦ ሞተ። የተመታው በቤዝቦል ዱላ ነበር። ሕፃን ልጅ ትቶ ነው የሞተው። ቆዳውን እንጂ ፓስፖርቱን አላዩም፤ የእነሱ ታሪክና የእኛ ታሪክ በዚያች ሌሊት አልተለየም። ከዚያ የሆነውም ከአንቺ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። የሙሉጌታ ቤተሰብ፣ ገዳዮቹን ያነሣሡትን የዘረኛ ድርጅት መሪዎች በፍትሐ ብሔር ሲከስ፣ ጥብቅና ከቆሙላቸው መካከል ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚያው በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ የሆነው የደቡብ ድህነት ሕግ ማዕከል ነበረ። በ1990 የፖርትላንድ ጁሪ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። አብዛኛው ገንዘብ አልተገኘም፤ የዘረኞቹ መሪ ግን ቤቱን እስከማጣት ደረሰ። ከጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የወጣው ተቋም ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቆመ። ያን ጊዜ «እነሱ ሌላ ናቸው» ያላቸው አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ዲቪን በደብዳቤሽ ስላነሣሽ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይሠራ የነበረው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን በዋናነት ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች የከፈተ፣ ለአፍሪካ ግን ጠባብ ቀዳዳ ብቻ የተወ ነበር። ያ በትውልድ አገር ላይ የቆመ ኮታ የተሻረው በ1965 ነው፤ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት። ሁለቱንም የወለዳቸው ያ ዘመን፣ ያ ትግል ነው። ዲቪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለመብታቸው ሰልፍ ወጥተው በፖሊስ ውሻና በውኃ መርጫ የተባረሩት የአላባማ ልጆች ያን ትግል ባያደርጉ ኖሮ፣ የአባትሽ ስም በዕጣ የሚወጣበት መዝገብ ባልተከፈተም ነበር ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ ቁጣውን አልተዋስሽውም። ይልቁንም ሳናውቀው የኖርንበት ውለታ አለብን፤ ቁጣሽ የዚያን ውለታ ድምፅ የሰማ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ «ብቻዬን ነበርኩ» እንመለስ።

መምህርሽ ክፉ ያሰበች አይመስለኝም። ያደረገችው ግን ትክክል አልነበረም። አንድን ልጅ በክፍል ጓደኞቹ ፊት አቁሞ ስለ ሕዝቡ ሁሉ መልስ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ፊልም አይተው ሲወጡ እርሱን ግን የፊልሙ ማስረጃ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሌሎቹን «እንደ ነጭ ተማሪ ምን ተሰማችሁ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ለዚያ ክፍል ይበልጥ የሚያስፈልገው ጥያቄ ግን ያ ነበር። ዝም ማለትሽ ስለዚህ አያሳፍርም። ላልተገባ ጥያቄ ዝምታ ተገቢ መልስ ነው። ቀጠሮ ይዘሽ ብቻዋን አነጋግሪያት፤ «ስለ ፊልሙ ብዙ የምለው አለኝ፤ ነገር ግን ስለ ጥቁሮች ሁሉ እንድናገር ስጠየቅ የራሴ ሐሳብ ይጠፋብኛል፤ ከዚህ በኋላ እንደማንኛውም ተማሪ ስለ ፊልሙ ብትጠይቂኝ እወዳለሁ» በያት። በአደባባይ አታሳጫት፤ ግን ሳትነግሪያት አትቅሪ። መምህር ናትና የመማር ዕድል ይገባታል።

ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ የተሰማሽን ስሜት በልብሽ ያዢና ያንን የ1988 ችሎት እንደገና ተመልከቺው። አሥራ አንድ ነጮች፣ አንድ ጥቁር። ጥፋተኛ ለማለት የአሥራ ሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያ አንድ ጥቁር ሰውም አብሮ «ጥፋተኛ» ብሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆጣል፣ «እንዴት አንድ እንኳ እምቢ አይልም?» ይላል። እኔ ግን ልወቅሰው አልደፍርም። በዚያ ግዛት፣ በዚያ ዘመን፣ በር ተዘግቶበት ከአሥራ አንድ ነጮች ጋር የተቀመጠ፣ ነገ እዚያው መንደር የሚኖር ሰው ነው። አንቺ የክፍል ጓደኞችሽ ብቻ ዞረው ቢያዩሽ ምላስሽ ታሰረ፤ በዚያ ክፍል ደግሞ የሰው ነፍስ ነበረ በጠረጴዛው ላይ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቢሆኑ ኖሮ፣ ዓሣ ሲጠበስ የነበሩት ምስክሮች ቃል የሚያነሣው ሰው ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በአሜሪካ ይህን የሚያውቁ ዐቃብያነ ሕግ ጥቁሮችን ከዚያ ወንበር ለማራቅ ለዘመናት ደክመዋል። ጁሪ ሲመረጥ ሁለቱም ወገኖች የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይሰጡ ማሰናበት ይችላሉ። በዘር ምክንያት ማሰናበት ክልክል መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ወስኗል፤ ነገር ግን ሌላ ምክንያት መፍጠር አይከብድም። በሚሲሲፒ ግዛት ከርቲስ ፍላወርስ የተባለ ጥቁር ሰው በአንድ ጉዳይ ስድስት ጊዜ ለፍርድ ቀርቧል፤ ዐቃቤ ሕጉ በስድስቱ ችሎቶች ማሰናበት ይችላቸው ከነበሩት 42 ጥቁር ዕጩዎች 41ዱን አሰናብቷል። ፍርዱ የተሻረው በ2019 ነው። በሉዊዚያናና በኦሪገን ደግሞ እስከ 2020 ድረስ ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ከተስማሙ ሰውን ጥፋተኛ ማለት ይቻል ነበር፤ በሉዊዚያና ያለ ሙሉ ስምምነት የመፍረድ ደንብ የመጣው በ1898፣ የጥቁሮችን ድምፅ ዋጋ ለማሳጣት ታስቦ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጥቁሮች ቢቀመጡ እንኳ «አይሆንም» ማለታቸው እንዳይቆጠር። ይህን ያህል የተደከመበት ወንበር እንዴት ተራ ወንበር ይሆናል?

እናም ወደዚያ ወንበር የሚጠራው የጁሪ መጥሪያ አባትሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ነገር ስናገር ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያው የጁሪ መጥሪያ ሲደርሰኝ «እንግሊዝኛ በደንብ አልችልም» ብዬ ጽፌ መለስኩ። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ደንበኛ እያስተናገድኩ ነበር የምሠራው። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ፈረምኩ፤ ብዙ ጓደኞቼም እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር እንደ ብልህነት ቆጠርኩት። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ ሄድኩ። የቀረበው ቀላል የስርቆት ክስ ነበር፤ ተከሳሹ ጥቁር ወጣት፣ በጁሪው ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ። የተናገርኩት አንድ ነገር ነው፤ «ምስክሩ ያየው ፊቱን ነው ወይስ ጃኬቱን? መዝገቡን እንደገና እንይ» አልኩ፤ ከአነጋገር ዘዬዬ የተነሣ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ። እንደገና ታየ፤ ምስክሩ ያየው ጃኬቱን ብቻ ነበር። ልጁ በነጻ ተሰናበተ። ከፍርድ ቤቱ ስወጣ ደስታ አልተሰማኝም፤ በመጀመሪያው ጊዜ በዋሸሁበት ቀን በዚያ ወንበር ማን ተቀምጦ ይሆን፣ ተከሳሹስ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ነው አብሮኝ የሄደው። አሁንም አብሮኝ አለ። እነዚያ ዐቃብያነ ሕግ ብዙ ደክመው የሚያደርጉትን እኔ በገዛ እጄ፣ በአንዲት ፊርማ አድርጌላቸው ነበር።

አባትሽን ስታነጋግሪያቸው ግን ይህን ሁሉ እንደ ክስ አታቅርቢባቸው። ልጅ አባቱን ችሎት አያቆምም። የሚያስጨንቃቸውም ነገር እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በሰዓት የሚከፈለው ሰው አንድ ቀን ከቀረ ከቤት ኪራዩ ላይ ነው የሚጎድልበት፤ ለጁሪ የሚከፈለው የቀን አበል ትንሽ ነው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች አሠሪው የቀረበትን ቀን ደመወዝ እንዲከፍል አይገደድም። ስለዚህ የሚያውቁት ቢሆንም ንገሪያቸው፤ ለጁሪ ሥራ በመሄዳቸው አሠሪ እንዳያባርራቸው ሕግ ይከለክላል፤ ቀኑ የማይመቻቸው ከሆነ ደግሞ መዋሸት ሳያስፈልግ በመጥሪያው ላይ በተጻፈው መንገድ ወደ ሌላ ጊዜ እንዲዛወርላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ይፈቀድለታል። እንግሊዝኛቸው በእርግጥ የማይበቃ ከሆነ ያን በሐቅ መጻፍ ነውር የለውም፤ ያልገባውን ክርክር ሰምቶ በሰው ላይ መፍረድ ይብሳል። ዝም ብሎ መቅረት ግን በሕግ ያስጠይቃል፤ ይህን የሚመክሯቸው ጓደኛ ካሉ ምክሩን አይቀበሉ።

ጽሑፍሽን በተመለከተ፣ ስለ ዘረኝነት በጠቅላላው አትጻፊ። ሁለት ገጽ ለዚያ አይበቃም፤ መምህርሽም ከዚያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይደርሳታል። ስለዚያ አንድ ቀን ተኩል ጻፊ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቢው፤ አንድ ሰው የሚሞትበት ውሳኔ የተደረሰበት ጊዜ እናንተ ፊልሙን አይታችሁ፣ ተወያይታችሁ፣ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ፣ በማግሥቱ ከምሳ በፊት ከተመለሳችሁበት ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ስለ አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ጻፊ፤ ማን እንደተቀመጠባቸው፣ ማን እንዳልተቀመጠባቸው። ስለዚያ አንድ ሰው ስትጽፊ የራስሽን ዝምታ ማንሣት ከፈለግሽ አንሺው፤ ካልፈለግሽ ተዪው፤ ያ የአንቺ ነው፣ ለማርክ ስትዪ የምታወጪው አይደለም። ስለ ጭብጨባው የተሰማሽን ግን አትደብቂ። «አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ» የሚለው ቅደም ተከተል ከደብዳቤሽ ሁሉ ትክክለኛው የፊልም ሂስ ነበር፤ እኔ ባልሽ ከዚያ እጀምር ነበር።

ረቂቁን ስትጨርሺ፣ ለመምህርሽ ከመስጠትሽ በፊት፣ ለአባትሽ በአማርኛ እየተረጎምሽ አንብቢላቸው። አስተያየት እንዲሰጡ አትጠይቂያቸው፤ ዝም ብለሽ አንብቢላቸው። ስለ ሙሉጌታ ምናልባት ከእኔ በላይ ያውቁ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ወሬው በስደት ያለውን ሰው ሁሉ ነክቶ ነበርና ሳይነግሩሽ የኖሩት ነገር ይኖራቸዋል። ሲጨርሱ መጥሪያውን አምጪና አብራችሁ ክፈቱት። ውስጡ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ መልሱ የሚደርስበት ቀን ከላይ ተጽፏል። እርሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ፤ ፊርማውን ራሳቸው ያኑሩበት።